የሚወዱትን መኪና በምክንያት እንዴት መምረጥ ይቻላል? ከብርቅዬው የስፖርት መኪና እስከ ተራዋ የዕለት ተዕለት መኪና

«ከመኪና ሁሉ አብልጠው የሚወዱት የትኛውን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም፣ ብዙ ሰው ሲመልስ የሚጠራው ራሱ መርምሮ የደረሰበትን መኪና ሳይሆን ፎቶግራፉን ደጋግሞ ያየውን፣ ዋጋው ሲነገር የሰማውን ወይም የፍጥነቱ ቁጥር ከአእምሮው ያልጠፋውን መኪና ነው። እንዲህ ያለው ፍቅር ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ የእኔም የመኪና ፍቅር የጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። ሆኖም መኪናን በምክንያት መውደድ ይቻላል፤ ይህን የለመደ ሰው በሚሊዮን የሚቆጠሩ እህቶች ያሏትን ትንሽ የቤተሰብ መኪናና በመቶ ብቻ ተሠርቶ የቆመውን ብርቅዬ የስፖርት መኪና በአንድ ሚዛን ሊመዝናቸው ይችላል። ይህ መመሪያ የራስዎን የተወዳጅ መኪናዎች ዝርዝር በዚያ ሚዛን እንዲያዘጋጁ ለመርዳት የተጻፈ ሲሆን፣ የሚያስፈልግዎት አንድ ደብተር፣ ጥቂት ትዕግሥትና አጋጣሚው በተገኘ ቁጥር ወደ መኪና ጠጋ ብሎ የመመልከት ልማድ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መኪናው ለምን ሥራ እንደታዘዘ ይጠይቁ

ማንኛውም መኪና ከመሠራቱ በፊት አንድ ሰው «እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ መኪና እፈልጋለሁ» ብሎ አዝዟል። ስለዚህ ስለ አንድ መኪና ማንበብ ሲጀምሩ ፍጥነቱንና ዋጋውን ለጊዜው ወደ ጎን ትተው ያንን ትእዛዝ ይፈልጉ። ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ትምህርት የሚሰጠው በ1948 ዓ.ም. በፓሪስ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የቀረበው ሲትሮኤን ደ ሽቮ ነው። የኩባንያው ኃላፊ ፒየር-ዡል ቡላንዤ ለመሐንዲሶቹ የሰጠው ትእዛዝ ሁለት ገበሬዎችንና 50 ኪሎ ግራም ድንች ጭኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ በታረሰ ማሳ ላይ ሲያልፍም በቅርጫት የተጫነ እንቁላል የማይሰብር መኪና እንዲሠሩ ነበር። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ስለ ውበት አንድም ቃል የለም። ወደ መኪናው ሲመለከቱ ግን የትእዛዙን እያንዳንዱን ሐረግ ያገኙታል፤ የሸራው ጣሪያ ወደ ኋላ የሚጠቀለለው ክብደት ለመቀነስና ረጅም ዕቃ ለመጫን ነው፤ በአንድ ጎን ያሉት የፊትና የኋላ ጎማዎች በስፕሪንግ እርስ በርሳቸው የተያያዙት እንቁላሉ እንዳይሰበር ነው፤ 375 ሲሲ ብቻ የነበረው የመጀመሪያው ሞተር 9 የፈረስ ጉልበት ማመንጨቱም ለተባለው ፍጥነት ከዚያ በላይ ስላላስፈለገ ነው።

አሁን በተመሳሳይ ጥያቄ ወደ ሌላው ጫፍ ይሂዱ። ፌራሪ ኤፍ40 በ1987 ዓ.ም. የኩባንያውን አርባኛ ዓመት ለማክበር ሲወጣ ትእዛዙ ለውድድር የተቀረበ፣ ነገር ግን በመንገድ ላይ ሊነዳ የሚችል መኪና እንዲሆን ነበር። ውስጡን ያየ ሰው ምንጣፍ አያገኝም፤ ሬዲዮ አያገኝም፤ በሩ ከውስጥ የሚከፈተው በሚጎተት ገመድ ነው። በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ውድ መኪናዎች አንዱና የገበሬው ደ ሽቮ በዚህ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም የማያስፈልጋቸውን ነገር አውልቀው ጥለዋል። ይህን ዝምድና ያየሁ ቀን መኪናን የማይበት ዓይን እንደተለወጠ አስታውሳለሁ።

ስለዚህ በደብተርዎ ላይ ለእያንዳንዱ መኪና በመጀመሪያ የሚጽፉት «ምን እንዲሠራ ታዘዘ?» የሚለውን ይሁን። መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተዎት፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከእርስዎ ሳይሆን ከመኪናው ነው። ሁሉንም ሰው ለማስደሰት የተሠራ መኪና መጥፎ ነው ባይባልም፣ ለረጅም ጊዜ የሚወደድ ሆኖ አላገኘሁትም።

ከፈረስ ጉልበቱ ቀድመው ክብደቱን ያንብቡ

የመኪና መግለጫ ሲታተም በትልቁ የሚጻፈው የፈረስ ጉልበቱ ነው፤ ክብደቱ ከታች በትንንሽ ፊደል ይቀመጣል። እርስዎ በተቃራኒው ከክብደቱ ይጀምሩ፤ ምክንያቱም መኪናው ሲነሣ ሞተሩ የሚገፋው፣ ሲቆም ፍሬኑ የሚይዘው፣ በመታጠፊያ ላይም ጎማው የሚሸከመው ይህንኑ ክብደት ነው። ከዚያም የፈረስ ጉልበቱን በቶን ለተሰላው ክብደት ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ቁጥር ከሁለቱም ይልቅ ስለ መኪናው ጠባይ ይነግርዎታል።

ይህን ስሌት በሁለት ታላላቅ መኪናዎች ላይ ይሞክሩት። በ2005 ዓ.ም. ማምረት የተጀመረው ቡጋቲ ቬይሮን 16 ሲሊንደርና አራት ተርቦ (አየርን ወደ ሞተሩ በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር ሲኖረው 1,001 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ክብደቱ ግን ወደ 1,888 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከእርሱ በ13 ዓመት ቀድሞ በ1992 ዓ.ም. ለሕዝብ የታየው ማክላረን ኤፍ1 ደግሞ 627 የፈረስ ጉልበት ብቻ ቢኖረውም ክብደቱ 1,138 ኪሎ ግራም ነው። ሲያካፍሉት ቬይሮን በአንድ ቶን ወደ 530፣ ማክላረኑ ደግሞ ወደ 551 የፈረስ ጉልበት ይደርሰዋል። በቁጥር ከግማሽ እጅግ ያልራቀ ጉልበት ያለው መኪና በዚህ ሚዛን በለጠ ማለት ነው። ጎርደን መሪ የተባለው ንድፍ አውጪ በኤፍ1 ላይ እያንዳንዱን ግራም ሲቆጥር የኖረው ለዚህ ነበር።

ጉልበት ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ከፍ ባለ ፍጥነት ላይ ጠላቱ ክብደት መሆኑ ቀርቶ አየር ይሆናል። የአየር ግፊት የሚያሳድረው ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚጨምር፣ ያንን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ኩብ ያድጋል፤ በሌላ አነጋገር ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ አየሩ ብቻ ስምንት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። በ1998 ዓ.ም. ማክላረን ኤፍ1 በሰዓት 386.4 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ቬይሮን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ለመሄድ ያን ሁሉ ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት ለምን እንደፈለገ በዚህ ይገባል። የትኛውን ይመርጣሉ? እኔ ክብደቱን የቀነሰውን እመርጣለሁ፤ አየርን በኃይል መጣስ የሚማርክዎት ከሆነ ግን ቬይሮንን በኩራት በዝርዝርዎ አናት ላይ ያስፍሩት፤ ምክንያቱን እስከጻፉ ድረስ ስሕተት አይሆንም።

ሞተሩ የት እንደተቀመጠ ይወቁ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባ ክፍል ይህ ነው። የሞተሩ ቦታ ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ ዕቃ የት እንደሚጫን፣ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያሳይና ከሩቅ ሲታይም ምን እንደሚመስል ይወስናል። አንድን መኪና ባዩ ቁጥር ኮፈኑ ሳይከፈት ሞተሩ የት እንዳለ ለመገመት ይሞክሩ፤ አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ከፊት፣ ከጎን ወይም ከኋላ መሆናቸውን፣ የፊተኛው ጎማ ለበሩ ምን ያህል እንደሚቀርብና ማርሚታው በየት በኩል እንደሚወጣ ቢያስተውሉ ብዙ ጊዜ ይሳካልዎታል።

በሕዝብ ዘንድ «ቮልስ» በሚል ስም የምትታወቀውን ቮልስዋገን ይውሰዱ። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ በብርድ የሚረጋ ወይም በሙቀት የሚፈላ ውሃ የላትም። ክብደቱ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ጭቃና ተዳፋት አያስፈራትም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በፈርዲናንድ ፖርሼ የተነደፈችው ይህች መኪና በ1972 ዓ.ም. የፎርድ ሞዴል ቲን የምርት ብዛት አልፋ፣ በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። (በቋንቋችን አነስ ያለውንና የምንሳሳለትን ነገር በሴት ጾታ የመጥራት ልማድ ስላለን ቮልስን «እርሷ»፣ ፌራሪን «እርሱ» ማለት ብዕሬን አላስቸገረውም፤ ይህ ራሱ ስለ ፍቅራችን አንድ ነገር ይናገራል።)

የፈርዲናንድ ልጅ ፌሪ ፖርሼ በ1948 ዓ.ም. በቤተሰቡ ስም የሚጠራውን የመጀመሪያ የስፖርት መኪና ሲሠራ የተጠቀመው ከዚህችው መኪና በወሰዳቸው ዕቃዎች ነበር። በ1963 ዓ.ም. በፍራንክፈርት የታየው ፖርሼ 911ም ያንኑ አቀማመጥ ወረሰ፤ ሞተሩ ከኋላ አክስል (ሁለቱን ጎማዎች ከሚያገናኘው ዘንግ) በስተኋላ ነው፤ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስም በአየር ይቀዘቅዝ ነበር። ይህ አቀማመጥ ችግር አለው። በመታጠፊያ መካከል እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ድንገት ቢያነሡ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚዛወር የኋላ ጎማዎች ይቀልላቸዋል፤ ከባዱ ጭራም ወደ ውጭ መውጣት ይፈልጋል። መሐንዲሶች ይህን ጠባይ ለመግራት አሥርተ ዓመታት ሠርተዋል፤ 911ን የሚወዱ ሰዎችም የሚወዱት ከዚህ ጠባይ ጋር ተስማምቶ መንዳትን መማር የራሱ ጣዕም ስላለው ነው። ስለዚህ 911ን በዝርዝርዎ ውስጥ ሲያስገቡ ከጎኑ ቮልስን ይጻፉ፤ አንዱን ሳያውቁ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ጥንድ ከዚህም ይበልጥ ይገርማል። በ1956 ዓ.ም. በስዊዝ ካናል ቀውስ ምክንያት በብሪታንያ ነዳጅ ሲጠፋ፣ አሌክ ኢሲጎኒስ ነዳጅ ቆጣቢ የሆነች ትንሽ መኪና እንዲነድፍ ታዘዘ። በ1959 ዓ.ም. የወጣችው ሚኒ ርዝመቷ ወደ 3 ሜትር ብቻ ሲሆን አራት ሰው ትይዛለች። ኢሲጎኒስ ይህን የቻለው ሞተሩን በቁመቱ ከማስቀመጥ ይልቅ በመኪናው ወርድ አጋድሞ፣ ካምቢዮውን ከሥሩ በዘይት መያዣው ውስጥ አስገብቶ፣ የፊት ጎማዎች እንዲጎትቱ በማድረግ ነው፤ የጎማውንም መጠን ወደ 10 ኢንች አወረደው። ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይጋራሉ። ከዚህ ሰባት ዓመት በኋላ በጄኔቫ የታየው ላምቦርጊኒ ሚዩራ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተሩን ከሹፌሩ ወንበር በስተኋላ ይዞ መጣ፤ ያ ግዙፍ ሞተር የተቀመጠው ግን እንደ ሚኒ በወርዱ ተጋድሞ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ከካምቢዮው ጋር አንድ ዘይት ይጋራ ነበር። ለቤተሰብ ቦታ ለማትረፍ የተገኘው ዘዴ በዘመኑ እጅግ ተደናቂ በሆነው የስፖርት መኪና ውስጥ ለሌላ ዓላማ ዋለ፤ ረጅሙ ሞተር በሁለቱ አክስሎች መካከል እንዲገባ አደረገው። ክብደት በመካከል ሲሰበሰብ መኪናው ቶሎ ይታጠፋል፤ በምላሹ ሹፌሩ በሙቀት፣ በጩኸትና ወደ ኋላ ለማየት በመቸገር ይከፍላል።

የዛሬዎቹ አብዛኛዎቹ ትንንሽ መኪናዎች የሚኒን አቀማመጥ ይከተላሉ፤ ካምቢዮው ግን ከሞተሩ ሥር ሳይሆን ከጎኑ ይቀመጣል፤ የራሱም ዘይት አለው። የዚህ አቀማመጥ ዕዳ የፊት ጎማዎች መጎተትንም መታጠፍንም ደርበው መሥራታቸው ነው፤ ከልክ ባለፈ ፍጥነት ከታጠፉ መኪናው ወደ ፊት መንሸራተት ይቀናዋል። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማዎች የሚገፉበት የቆየው አቀማመጥ ደግሞ ሥራውን ስለሚያከፋፍል፣ በ1989 ዓ.ም. የወጣው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያለ ብዙ ጉልበት ተወዳጅ የሆነው በከፊል በዚህ ነው።

ቅርጹን በምክንያቱ ያንብቡ

ስለ ውበት ብዙ አልልም፤ ዓይን የራሱ ነጻነት አለው። ግን አንድ ልምምድ ይሞክሩ፤ ደስ ያለዎትን መስመር ወይም ክፍል ጠቁመው «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የመርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስኤል በሮች እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱት ለትርኢት አልነበረም፤ አካሉን የተሸከሙት የብረት ቱቦዎች በጎን በኩል ከፍ ብለው ስለሚያልፉ ተራ በር የሚቆምበት ቦታ አልተገኘም። በማክላረን ኤፍ1 ሞተር ክፍል ውስጥ የተለበጠው ወርቅም ሙቀትን አንጸባርቆ ለመመለስ የተመረጠ ነው። በተቃራኒው፣ ከኋላው የተዘጋ ቀዳዳ ወይም ከማንኛውም ነገር ጋር ያልተገናኘ የማርሚታ ጫፍ ካገኙ በደብተርዎ ላይ ይመዝግቡት።

ተቀምጠው፣ ከተቻለም ነድተው ይፍረዱ

በመኪና ውስጥ ሲቀመጡ ሞተሩን ለማስነሣት አይቸኩሉ። ወንበሩን ያስተካክሉ፤ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ጉልበትዎ በጥቂቱ እንደታጠፈ መቅረቱን፣ እጅዎን በመሪው አናት ላይ ሲያሳርፉ ትከሻዎ ከወንበሩ አለመላቀቁን ያረጋግጡ። ከዚያም በአራቱም ማዕዘን ምን እንደሚታይዎት ይመልከቱ። በዝና ብቻ የወደድኳቸው አንዳንድ መኪናዎች በዚህ ፈተና ላይ ወድቀውብኛል፤ ፈጽሞ ያልጠበቅኋቸው ደግሞ አልፈዋል።

መንዳት ከተፈቀደልዎት የሚመረምሩት ፍጥነትን አይደለም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መሪውን በትንሹ ሲያዞሩ መኪናው ወዲያው ይመልሳል ወይስ ቆም ብሎ ያስባል? ፍሬኑን ቀስ ብለው ሲጫኑ ኃይሉ በእግርዎ መጠን ይጨምራል ወይስ ድንገት ይይዛል? ማርሽ ሲቀይሩ ዘንጉ የገባበት ቦታ በእጅዎ ላይ ይታወቃል? የመንገዱ ሸካራነት በመሪው በኩል ይደርስዎታል ወይስ ታፍኖ ይቀራል? እነዚህ ጥያቄዎች ለፌራሪም ለኮሮላም እኩል ይጠየቃሉ፤ ለመመለስም ሕግ ማፍረስ አያስፈልግም። እንዲያውም እዚህ ላይ ተራዋ መኪና አንድ ብልጫ አላት። ማክላረን ኤፍ1 ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3.2 ሰከንድ ያህል ስለሚበቃው፣ በሕዝብ መንገድ ላይ ከችሎታው የሚጠቀሙት ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የሚኒን ወይም የኤምኤክስ-5ን ማርሽ ግን አንድ በአንድ እስከ ጥግ እየጎተቱ በሕጋዊ ፍጥነት ሙሉ ቀን ሊደሰቱ ይችላሉ።

እርጅናውንና እንክብካቤውን አብረው ይመዝኑ

የወደዱትን መኪና ለመግዛት ካሰቡ ፍቅሩን ለአንድ ሰዓት ገታ አድርገው ይመርምሩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እንዲነሣ ይጠይቁ፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚቃጠል፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ ከልክ በላይ እንደሚገባ፣ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር እንደሚገባ ያመለክታል። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ከሥሩ ወተት መሰል ነገር ካገኙ የቴስታታው ጉዋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሲሊንደሮቹ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ወደ ሥር ጎንበስ ብለው ሻንሲውን ለዝገት ይፈትሹ፤ የሻንሲ ቁጥሩ ከሰነዱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን ያረጋግጡ፤ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው ቺንጋ ከሆነ መቼ እንደተቀየረ በጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁ፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ብርቅዬ የስፖርት መኪና ሲሆን አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ተነድተው ለዓመታት ስለሚቆሙ አዲስ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ጎሚኒ፣ የነዳጅ ቱቦና ጎማ ሳይሠሩም ያረጃሉ። አንድ ጊዜ ቀለሙ እንደ መስታወት የሚያበራ ቀይ መኪና አይቼ ልቤ ተማርኮ ሳለ ጎንበስ ብዬ የጎማውን ጎን አነበብኩ፤ ከፋብሪካው መለያ ቀጥለው በተቀረጹት አራት አሃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ስለሚያመለክቱ ጎማው አሥር ዓመት እንዳለፈው አወቅሁ። እንዲህ ባለ ጎማ ያን ያህል ጉልበት ያለውን መኪና መንዳት በሕይወት መጫወት ነው። ይህን የአራት አሃዝ ንባብ ዛሬውኑ በቆመ መኪና ላይ ይለማመዱት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ተራዋ መኪና በዚህ ክፍል ትከበራለች። ቶዮታ ኮሮላ በ1966 ዓ.ም. በ1,077 ሲሲ ሞተር ከተጀመረ ወዲህ በዚህ ስም የተሸጡት መኪናዎች በ2021 ዓ.ም. 50 ሚሊዮን አልፈዋል። ትውልዱ በተቀያየረ ቁጥር አካሉም ሞተሩም ተለውጧል፤ ያልተለወጠው ባለቤቱን እንዳያስቸግር የተሰጠው ትእዛዝ ነው። መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝና ማንኛውም መካኒክ እጁ የለመደው መሆን በምህንድስና ከ12 ሲሊንደር ያላነሰ ስኬት ነው ብዬ አምናለሁ።

ዝርዝሩን ሲጽፉ

ዝርዝሩን በአሥር መኪና ይወስኑ፤ ከአሥሩም ቢያንስ አራቱ በማንኛውም መንገድ ዳር ቆመው ሊያገኟቸው የሚችሉ ተራ መኪናዎች ይሁኑ። ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ ምን እንዲሠራ እንደታዘዘ፣ ለዚያ ሲል ምን እንደተወ፣ እርስዎን በግል የያዘዎት ነገር ምን እንደሆነ። ሦስተኛውን መስመር ሲጽፉ «ፈጣን» እና «ቆንጆ» የሚሉትን ቃላት አይጠቀሙ፤ ሌላ ቃል ፍለጋው የሚወዱትን ነገር በስሙ እንዲጠሩት ያስገድድዎታል። ከዓመት በኋላ ደብተሩን ገልጠው ምክንያቱን አሁን የማይቀበሉትን ይሰርዙ፤ ቦታውን ግን የሚተካ መኪና እስኪያገኙ ድረስ ባዶውን ይተዉት።

በእኔ ደብተር የመጀመሪያዋ ሚኒ ናት፤ በሦስተኛው መስመር የጻፍኩት «ለሰው ቦታ ለመስጠት ሞተሩ ፈቀቅ አለ» የሚል ነው። ሁለተኛው ማክላረን ኤፍ1 ሲሆን የጻፍኩት ሹፌሩ በመካከል፣ ሁለቱ ተሳፋሪዎች ከግራና ከቀኙ ጥቂት ወደ ኋላ ሆነው እንደሚቀመጡ ነው፤ ከ106 መኪናዎች ያልበለጠ የተሠራ ቢሆንም ያ አቀማመጥ ሁለት ጓደኞችን ይዞ መሄድን ያስባል። በኮሮላ ትይዩ ያለው ምክንያት ከሁሉም አጭር ሲሆን ካለፉት ክለሳዎች በአንዱም አልተሰረዘም፤ «ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ይነሣል» ይላል።